የምሽቱ ወቅት፦ የቴሌቪዥን ድራማ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

ተመልካች የራቀው ተከታታይ ድራማ ጨርሶ ከመቋረጡ በፊት ብዙ ጊዜ የሚሞከርለት መፍትሔ ታሪኩን ወይም ተዋንያኑን መለወጥ ሳይሆን የሚተላለፍበትን ሰዓት፣ ቀንና ወር መለወጥ ነው። አሠራሩ ተመልካቹ የቀረው ድራማውን ጠልቶ ሳይሆን ሳይመቸው ቀርቶ ሊሆን ይችላል ከሚል ግምት የመነጨ ሲሆን፣ ይህ ግምት በየአገሩ የተለያየ ታሪክ አለው። በአሜሪካ አዳዲስ ድራማዎች በመስከረም መጀመራቸው፣ ሕዝቡ ከሐምሌና ከነሐሴ ዕረፍት ወደ ቤቱ ከመመለሱና ማስታወቂያ አስነጋሪ የነበሩት የመኪና ኩባንያዎች አዳዲስ ሞዴሎቻቸውን በዚያው ሰሞን ለገበያ ከማቅረባቸው ጋር የተያያዘ ልማድ ነበር፤ የዕረፍቱ ወራት ግን ለረጅም ጊዜ የድጋሚ ስርጭትና ተስፋ የተቆረጠባቸው ሥራዎች ማሳለፊያ ሆነው ቆይተዋል። ሆኖም በመስከረም 1975 ዓ.ም. የተጀመረውና በመጀመሪያ ዓመቱ በተመልካች ብዛት ከመጨረሻዎቹ ተርታ የተሰለፈው ‹ቺርስ› የተሰኘ አስቂኝ ድራማ በእነዚያው ወራት በድጋሚ ሲታይ ተመልካች አፍርቶ ለዐሥራ አንድ የስርጭት ዘመን መዝለቁ፣ የተናቀ ወቅት የማዳን ኃይል ሊኖረው እንደሚችል ያስረዳል። በግብፅና በሌሎች የዐረብ አገሮች በአንጻሩ ‹ሙሰልሰል› የሚባሉት ትልልቅ ተከታታይ ድራማዎች ለረመዳን ተጠብቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሠላሳ ክፍል ተሰናድተው፣ ቤተሰብ ከኢፍጣር፣ ማለትም ከጾም መፍቻ በኋላ አንድ ላይ በሚቀመጥበት ሰዓት በየምሽቱ ይቀርባሉ።

በኢትዮጵያ እንዲህ ተጠቃልሎ የጸና የስርጭት ወቅት የለም። ይሁን እንጂ የአገሪቱ ድራማ ከወራትና ከበዓላት ጋር ያለው ግንኙነት ታሪክ አልባ አይደለም፤ ይህም ታሪክ ድራማው ከሚሠራበት ከአዲስ አበባ ይልቅ ድራማው ከሚታይባቸው ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲመረመር ይበልጥ ይጠራል። ሁለቱ ከተሞች በሐረጎ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ የተያያዙና ከ25 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት የሚገኙ ቢሆኑም፣ በጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ደሴ ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያላት ብርዳማና በክረምት ጉም የሚለብሳት ስትሆን፣ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ያለችው ኮምቦልቻ ሞቃትና የፋብሪካ ከተማ ናት። የሁለቱም ነዋሪ ክርስቲያንና ሙስሊም ተቀላቅሎ የሚኖር፣ አልፎ አልፎም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖቶች የሚገኙበት ሕዝብ ነው። ደሴን የወሎ መናገሻ አድርገው ያቋቋሟት ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው መሐመድ ዓሊ ተብለው ተወልደው ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር በተያያዘ ክርስትና የተነሡ መሆናቸው፣ ከተማዪቱ ከመሠረቷ ከሁለቱም ወገን ጋር የተሳሰረች እንደሆነች ያመለክታል።

ለስርጭት ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው ነጥብ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት አቆጣጠሮች አብረው የሚሠሩ መሆናቸው ነው። የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር በፀሐይ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ እንቁጣጣሽ፣ ገናና ጥምቀት በየዓመቱ በቦታቸው ይውላሉ፤ ፋሲካና ከእርሱ በፊት ያሉት 55 የዐቢይ ጾም ቀናት ግን በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ክልል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላሉ። የሂጅራ አቆጣጠር ግን በጨረቃ የሚሄድ፣ ዓመቱም 354 ወይም 355 ቀን ብቻ ስለሆነ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየሳበ በ33 ዓመት ገደማ ሁሉንም ወቅቶች ያዳርሳል። ስለዚህ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ በዚህ ዓመት ለድራማ የተመቸ የነበረ ወር ከዐሥር ዓመት በኋላ ጨርሶ የማይመች ሊሆን ይችላል፤ ከጽሑፉ ዋና አሳብ ጋር የሚያያዘውም ይኸው ተንቀሳቃሽነት ነው።

ቴሌቪዥን ከመምጣቱ በፊትም የወሎ ምሽት ወቅት ነበረው። አራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ቅኝቶች፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከወሎ ጋር ተያይዘው የሚጠሩ ሲሆን ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ቦታዎች ነው፤ ሆኖም ዘፈን ዓመቱን ሙሉ እኩል አይዘፈንም። ሠርግ ከመኸር አዝመራ መሰብሰብ በኋላ፣ በተለይም በጥር ወር ይበዛል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ በክርስቲያኑ ዘንድ ሠርግም ጭፈራም ይቆማል፣ አዝማሪው መሰንቆውን ይሰቅላል፣ በሬዲዮም የበገና ድምፅ በሰፊው ይሰማል። በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ በዜማ የሚቀርብ የውዳሴና የጸሎት ግጥም የሆነው መንዙማ በመውሊድ፣ በረመዳንና በወዳጃ ሥርዓት ላይ ሰፊ ቦታ አለው፤ ወዳጃ ማለት ጎረቤትና ዘመድ በቡና ዙሪያ ተሰባስቦ ዱዓ የሚያደርግበት የወሎ ልማድ ነው። ከአብዮቱ በኋላ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን እነ ማሪቱ ለገሠን ይዞ ለአገር ሲታወቅ፣ መድረኩ የቆመው ሰው መቼ እንደሚሰበሰብ፣ መቼ እንደሚጾምና መቼ እጁ ገንዘብ እንደሚይዝ ቀድሞ በሚታወቅበት በዚህ አሮጌ ሥርዓት ላይ ነበር። የሕዝቡን ምሽት የሚያውቅ የኪነት ሰው ወቅቱን እንዲመርጥለት ሌላ ባለሙያ አላስፈለገውም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ጋር ተያይዞ ሲመረቅ፣ ስርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የማይዘልቅ ሲሆን ከልደቱ ጀምሮ የበዓል ልጅ ነበር ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታሪክ ከባድ ውጤት ያስከተለው የስርጭት ቀን ምርጫም የበዓል ቀን ምርጫ ነበር፤ ርዕሰ ጉዳዩም ወሎ ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀው ዘገባ በለንደን ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ከተላለፈ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አቀናጅቶ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ሰው ሁሉ የዓመት በዓል ፕሮግራም በሚጠብቅበት ሰዓት አስተላለፈው፤ በማግስቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ያ ፊልም በመጋቢት አንድ ተራ ማክሰኞ ታይቶ ቢሆን ኖሮ ተመሳሳይ ድንጋጤ ይፈጥር ነበር ለማለት ያስቸግራል። የወሎ ሕዝብ ግን የራሱ መከራ አገር ሲለውጥበት በዚያ ምሽት ሊያየው አልቻለም።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ተቃራኒው ሆነ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ምሥረታና የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በጳጉሜን 1976 እና በመስከረም 1977 ዓ.ም. ሲከበሩ የቀለም ስርጭት አብሮ ተጀመረ፤ ማያው በሰልፍና በአበባ ደምቆ ሳለ ወሎና ትግራይ ዳግመኛ በረሃብ ይረግፉ ነበር። ዓለም ያንን ያየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ከኮረም የተላከው የቢቢሲ ዘገባ ሲተላለፍ ነው። አንድ አገር በአንድ ወቅት ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሸፍን መወሰኑ የስርጭት ዕቅድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ከደቡብ ወሎ በላይ የተማረ አካባቢ ማግኘት አዳጋች ነው።

በሁለቱ ቀኖች መካከል ግን ለመዝናኛ ስርጭት ወሳኝ የሆነ ሌላ ለውጥ ተከናውኖ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ አንሥተው ታላቅ ሰልፍ ካደረጉ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሐና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆነው ታወጁ። ‹የበዓል ዝግጅት› በሚል የሚታወቀው ልማድ፣ ማለትም ሙዚቃ፣ አጫጭር አስቂኝ ድራማና ቃለ ምልልስ አንድ ላይ የሚቀርቡበት ረጅም ፕሮግራም፣ እስከዚያ ድረስ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዙሪያ የቆመ ሲሆን ከዚያ በኋላ በደንብ የሚንቀሳቀሱ በዓላትን ማስተናገድ ግድ ሆነበት። ያም ሆኖ የዝግጅቱ ድምቀት ለሁለቱም ወገን እኩል ነበር ማለት አይቻልም፤ የዓመቱ ምርጥ ሥራ ሁልጊዜ ለአዲስ ዓመት ሲቀመጥ ለዒድ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ አጠር ያለ ነበር። በደሴ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች የሁለቱንም በዓል እንጀራ አብረው ሲቆርሱ፣ በማያው ላይ ግን የአንዱ በዓል ከሌላው ያነሰ መስሎ መታየቱ ትንሽ ጉዳይ አልነበረም።

ሳምንታዊው ተከታታይ ድራማ ለተመልካች የዕለት ተዕለት ወሬ የሆነው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ነው። ‹ገመና› መንገዱን ከጠረገ በኋላ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ዓመታት ያህል የተላለፈው ‹ሰው ለሰው› በብዙ ከተሞች ምሽቱን ያስቆመ ድራማ ነበር። ነገር ግን በሳምንት አንድ ጊዜ የሚተላለፍ ድራማ ከባድ ድክመት አለው፤ አንድ ምሽት ያመለጠው ተመልካች የታሪኩን ክር ለመያዝ ሌላ ሳምንት መጠበቅ አለበት፣ ሁለት ሳምንት ያመለጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። በ2003፣ በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ረመዳን የጀመረው በሐምሌ ወር ውስጥ ስለነበረ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ሙስሊም ተመልካች ከመግሪብ ሰላት በኋላ ጾሙን ፈትቶ አረፍ ሲል ወዲያው የዒሻና የተራዊሕ ሰላት ይደርስበት ነበር። ተራዊሕ በረመዳን ሌሊቶች ከዒሻ ቀጥሎ የሚሰገድ ረዘም ያለ ሰላት ሲሆን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ዜናና ከእርሱ ቀጥሎ ከሚመጣው ዋነኛ የመዝናኛ ሰዓት ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ስለዚህ በዐረብ አገሮች የድራማ መኸር የሆነው ወር በወሎ የድራማ መክሰሚያ ሊሆን የሚችለው፣ ወሩ የማይመች ሆኖ ሳይሆን ሰዓቱ ሳይስተካከል በመቅረቱ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ሰው ከመስጊድ ተመልሶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ እስከ ሱሑር፣ ማለትም ከንጋት በፊት እስከሚበላው ምግብ ድረስ የሚነቃ ቤት መኖሩን የስርጭት ዕቅድ አውጪዎች ልብ ያሉት አይመስልም።

የወቅትን ኃይል ከማንኛውም ክርክር በላይ ያስረዳው የቃና ቴሌቪዥን አጀማመር ነው። ቃና በፈረንጆች አቆጣጠር በአፕሪል 2016 በሳተላይት ሲጀምር፣ የቱርክና የሌሎች አገሮችን ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ እያስቀረጸ በየዕለቱ፣ ከድጋሚ ስርጭት ጋር አቀረበ። ብዙዎች ለስኬቱ የሰጡት ምክንያት የምስሉ ጥራትና የታሪኩ ሳቢነት ሲሆን፣ የአገር ውስጥ ፊልምና ድራማ ባለሙያዎችም በውጭ ሥራ መጥለቅለቅ ላይ ቅሬታቸውን በአደባባይ አሰምተዋል። ቀኑ ግን ከዚህ ክርክር ውስጥ ተዘንግቶ ቀርቷል። የ2008 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 23 ስለዋለ ጣቢያው የተከፈተው በዐቢይ ጾም መካከል፣ ሠርግና ጭፈራ በሌሉበትና ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ በሚገባበት ሰሞን ነበር፤ ፋሲካ አልፎ አምስት ሳምንት እንደሞላ ግንቦት 29 ረመዳን ገባ፤ ሰኔ 29 ዒድ ሲከበር ትምህርት ቤቶች እየተዘጉ ክረምቱ ተያይዞ ደረሰ። አዲስ ጣቢያ በተከታታይ ለአምስት ወራት ያህል ሰው ቤቱ የሚቀመጥበትን ጊዜ አገኘ ማለት ነው። በየዕለቱ መተላለፉና በድጋሚ መታየቱ ደግሞ ተራዊሕ ላይ የነበረው ተመልካች ያመለጠውን በማግስቱ ከሰዓት እንዲያገኘው አስቻለ። ይህ ታስቦበት ይሁን በአጋጣሚ ውጤቱን አይለውጠውም፤ በሳምንት አንዴ የሚመጣው የአገር ውስጥ ድራማ በእነዚያው ወራት የተሸነፈው በጥራት ብቻ አልነበረም።

ክረምት ለደቡብ ወሎ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ደሴ ላይ ዝናቡና ጉሙ ሰውን ቀድሞ ወደ ቤት ይመልሳል፤ ተማሪው፣ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህም በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአብዛኛው ወደየቤታቸው ስለሚሄዱ በየቤቱ ያለው የተመልካች ዓይነት ይለወጣል። በአንጻሩ ከክረምቱ በፊት ያሉት ሳምንታት አስቸጋሪ ናቸው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃ ኃይል የሚመነጭ በመሆኑ ግድቦች በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅ ሲሉ ኃይል ይቀንሳል፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የውኃ መጠን መውረድ ምክንያት መንግሥት በመላ አገሪቱ የመብራት ፈረቃ ማወጁ የዚህ ማስረጃ ነው። በእንዲህ ያለ ሰሞን አዲስ ድራማ መጀመር የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ለጨለማ መስጠት ሲሆን፣ የአንድ ድራማ ዕድል ደግሞ በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ነው።

የኮምቦልቻ ጉዳይ በከፊል የተለየ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በቢራ ፋብሪካውና በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ዙሪያ የሚኖር ብዙ ሠራተኛ በፈረቃ ስለሚሠራ፣ ለእርሱ ከወሩ ይልቅ ድጋሚ ስርጭቱ ይበልጣል። ቢራ ሲነሣ ደግሞ ሌላ የወቅት ገመድ ይመዘዛል፦ ለዓመታት የድራማ ስፖንሰሮች፣ ማለትም ለማስታወቂያ ሲሉ የዝግጅቱን ወጪ የሚሸፍኑ ድርጅቶች፣ በአመዛኙ የቢራ አምራቾች ነበሩ፤ ገንዘባቸውም የሚጎርፈው በበዓላት ዋዜማ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት ሲከለክል ከበዓል ጋር የተሳሰረው ያ የገንዘብ ምንጭ ደረቀ፤ አዋጁ ለሕዝብ ጤና የሚበጅ መሆኑ የማያከራክር ቢሆንም፣ የድራማ ሠሪዎች አቅም በዚያው መጠን ተጎዳ። የጎን ውጤቱ ግን መልካም ሊባል ይችላል፤ ድራማ ከቢራ ሽያጭ ወቅት ነጻ ወጥቶ የተመልካቹን ወቅት የመከተል ዕድል አገኘ። በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው ‹እረኛዬ› በምዕራፍ መከፈሉ፣ ማለትም የተወሰኑ ክፍሎች ቀርበው ዕረፍት ከተደረገ በኋላ እንደገና መቀጠሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት እየተጎተተ ከሚሳሳ ድራማ ይልቅ የወቅት ምርጫን የሚያስችል አሠራር ነው።

ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲያዙ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ስለነበር የዚያ ሰሞን ምሽት ከማንኛውም የስርጭት ሰሌዳ ውጭ ነው።

ከ2013 እስከ 2018 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ግን ሁለቱ አቆጣጠሮች ለአንድ ትውልድ አንዴ ብቻ የሚያጋጥም መቀራረብ አሳይተዋል። ረመዳንና ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ተደራርበው፣ በ2016 ዓ.ም. ሁለቱም መጋቢት 2 ቀን በአንድ ሰኞ ተጀመሩ፤ በደሴ ገበያዎችም ቴምርና የጾም እህል ጎን ለጎን ተሸጡ። ሁለቱም ወገን ከጭፈራ ተቆጥቦ ምሽቱን በቤቱ የሚያሳልፍበት ይህ ሰሞን፣ ለደከመ ግን ጨዋ ለሆነ የቤተሰብ ድራማ ከመቼውም የተሻለ ጊዜ ነበር፤ ዳሩ ግን ጾም ማለት የመዝናኛ መዝጊያ ነው የሚለው የቆየ አመለካከት በስርጭት ቤቶች ስለገነነ ብዙ ድራማዎች ፋሲካና ዒድ እስኪያልፉ ተጠባበቁ። ይህ አመለካከት ስሕተት ነው። ጾመኛ የሚርቀው ጭፈራንና ፌዝን እንጂ ታሪክን አይደለም፤ ወሎ ውስጥ መንዙማውም፣ በገናውም፣ በወዳጃው ላይ የሚነገረው የአበው ገድልም የሚበዙት በዚሁ በጾምና በጸሎት ሰሞን ነው። ጥር በአንጻሩ ለአዲስ አበባ የስርጭት ባለሙያዎች የብርሃንና የገንዘብ ወር ቢመስላቸውም፣ በደቡብ ወሎ ሰው ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከጥምቀት ወደ ሠፈር ታቦት የሚውልበትና ቤት ባዶ የሚሆንበት ወር ስለሆነ፣ ደካማ ድራማ በጥር ቢጀመር ይበልጥ ይደክማል።

የሚመጡት ዓመታት ይህንን ስሌት እንደገና ይገለብጡታል። ረመዳን ወደ ኋላ መሳቡን ቀጥሎ በ2022 ዓ.ም. በታኅሣሥ መጨረሻ ገብቶ ገናንና ጥምቀትን በውስጡ ያሳልፋል፤ የጥር ሠርግ በሙስሊሙ ዘንድ ወደ ሌላ ወር ሲገፋ የክርስቲያኑ ግን በቦታው ይቆያል። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ በታኅሣሥ አጋማሽ ገብቶ ከነቢያት ጾም ማብቂያ ጋር ይገናኛል። እስከ ዛሬ ባዶ የነበረው የጥር ምሽት በዚያን ጊዜ ለግማሹ የደሴ ቤት ከኢፍጣር በኋላ የሚሞላ ምሽት ይሆናል፤ ለዚያ ሰሞን ድራማ የሚያሰናዳ ሰው ጽሑፉን ከአንድ ዓመት በፊት መጀመር፣ ሰዓቱንም ከተራዊሕ በኋላ ማድረግ ይኖርበታል።